ክርክር፦ ፎረንሲክ ሳይንስ በፕሮጀክት ይሰጥ ወይስ በቅድሚያ በንድፈ ሐሳብ?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎች ከስድስት ኪሎ የሕግ ተማሪዎች ጋር ሆነው፣ ለትምህርት በተዘጋጀ የወንጀል ስፍራ ላይ እየሠሩ ፎረንሲክን፣ ማለትም የወንጀል ማስረጃን በሳይንስ መመርመርን፣ ይማሩ? አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት ይደግፋሉ፤ አንድ የወንጀል ጠበቃ ይቃወማሉ።

መምህርቷ፦ የደም ዱካ ለመፈለግ የሚረጨው ሉሚኖል የተባለ ኬሚካል በደም ውስጥ ባለው ብረት የተነሣ ሰማያዊ ብርሃን እንደሚሰጥ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ማስተማር እችላለሁ። ተማሪዬም ሸምድዳ ታልፋለች። ነገር ግን ጥጉ ላይ የበሬ ደም የፈሰሰበት፣ የቀረው ወለል ጠዋት በበረኪና የታጠበ ክፍል ውስጥ ላስገባት። መብራት ጠፍቶ ሉሚኖሉ ሲረጭ በረኪናውም ያበራል። «ደም ነው» ብላ ትመዘግባለች። አጠገቧ ያለው የሕግ ተማሪ «በምን አወቅሽ? የሰው ነው የእንስሳ?» ይላታል። ሉሚኖል የሰውን ደም ከበሬ ደም አይለይም፤ ስለዚህ ወደ ማረጋገጫ ምርመራ መሄድ ግድ ይሆንባታል። ይህን ጥርጣሬ እኔ በንግግር አልሰጣትም።

ጠበቃው፦ መምህርት፣ በኬሚስትሪው አልከራከርዎትም። እኔን የሚያሳስበኝ ወንጀሉን ያዘጋጁት እርስዎ መሆንዎ ነው፤ ተማሪው መልስ እንዳለ አውቆ ይገባል። ልደታ ችሎት ፊት ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ከማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ በኋላ የአሜሪካው የምርመራ ቢሮ የኤፍቢአይ ባለሙያዎች ከዚያ ጉዳይ የተገኘን አንድ የጣት አሻራ በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት የሚኖር የአንድ ጠበቃ ነው አሉ። ሰውየው ታሰረ፤ የስፔን ፖሊስ ግን አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን ደረሰበት። እነዚያ ሰዎች የተግባር ልምድ አልጎደላቸውም። ፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) እና የማስረጃ ሕግ ይቅደም የምለው ለዚህ ነው።

መምህርቷ፦ እዚያ ስሕተቱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ፣ የመጀመሪያውን ባለሙያ ሥራ ያረጋገጡት ሌሎቹ ባለሙያዎች የእሱን ድምዳሜ እያወቁ ማየታቸው ነበር። ይህን በፕሮጀክት ማሳየት ይቻላል፦ አንዱን አሻራ ለሁለት ቡድን ሰጥቼ፣ ለአንዱ ብቻ «ተጠርጣሪው አምኗል» እላለሁ። ውጤቱን ጎን ለጎን ሲያዩት አይረሱትም። ስለ ተዘጋጀው መልስ ያሉት ግን ልክ ነው። ከጉዳዮቹ አንዳንዶቹ ማስረጃቸው የማይበቃ ይሁን፤ «መለየት አይቻልም» ያለ ሙሉ ነጥብ ያግኝ።

ጠበቃው፦ ይህ ካለ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። ሌላው ግማሽ ርክክቡ ነው። ናሙናው ከማን እጅ ወደ ማን እንደሄደ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እንደፈረመ ያልተመዘገበበት ሥራ የቱንም ያህል ቢራቀቅ እኔ በመስቀለኛ ጥያቄ አፈርሰዋለሁ። እያንዳንዱ የሳይንስ ተማሪ በሕግ ተማሪዎች ፊት ቆሞ ይጠየቅ፤ የነጥቡም ግማሽ ከዚያ ይምጣ። ካልሆነ ተቃውሞዬ እንደጸና ነው።