የአባዱላ ሞተር የተገጠመለት ማሲ ከመሸለሙ በፊት ይረስ

ሰሞኑን እዚሁ ጎንደር በተደረገው የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን የአባዱላ (የቶዮታ ሚኒባስ) ሞተር የተገጠመለት ማሲ 135 ትራክተር አንደኛ መውጣቱ ሳያንስ፣ የሸለሙት ኃላፊ ይሄ ነገር በየወረዳው ይስፋፋ ማለታቸው ነው ያንገበገበኝ። ልጆቹ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ እጃቸው ይባረክ። ግን ሸላሚዎቹ ትራክተር የሚያውቅ አንድ ሰው ጠይቀዋል? ማሲው ግቢ ውስጥ ዞር ዞር አለ፣ ተጨበጨበ፣ በቃ። ማረሻ ሲጎትት ያየው የለም።

የሰጡት ምክንያት ደግሞ ይባስ ነው። 45 የፈረስ ጉልበት የነበረው አሁን ወደ 100 ተጠጋ አሉን። እንዴ፣ የቱ 100? የአባዱላው 5ኤል ሞተር ያን ጉልበት የሚያወጣው በደቂቃ 4000 ዙር አካባቢ ሲሽከረከር ነው፣ የማሲው የራሱ ሞተር ፐርኪንስ ግን 2250 ላይ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ይጨርሳል፣ ካምቢዮውም ፒቲኦውም (ከኋላ የእርሻ መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግ) የተሠሩት ለዛ ዙር ነው። ፒቲኦው የሚፈልጋት 540 ዙር እኮ ሞተሩ 2000 ሳይሞላ ነው የምትገኘው። ስለዚህ ወይ አዲሱን ሞተር በማሲው ዙር እየነዳህ ከፈረሱ ሲሶውን ያህል ትተዋለህ፣ ወይ 4000 ላይ እያስጮህክ ከኋላው ያለውን ሁሉ ትጨርሰዋለህ፣ ትራክተሩም ለእርሻ በተሠራ ፍሬን ወደ እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይሮጣል፣ ተሳቢው ላይ ሰው ጭኖ ወደ አዘዞ ቁልቁለቱን ሲወርድ አስቡት!

ከሁሉም የሚብሰው ግን የሞተሩ አቀማመጥ ነው። ማሲ 135 ሻሲ የለውም። ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሠራ ሞተሩ ራሱ አከርካሪው እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው፣ የፊት አክስሉ ሞተሩ ፊት ላይ ይታሰራል፣ ካምቢዮው ከጀርባው ይታሰራል፣ ማረሻው ሲይዝ፣ የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ሲወድቅ ያ ሁሉ ጫና የሚያልፈው በብሎኩ (በሞተሩ አካል) ነው። ከሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ እንኳ ወፍራም ብረት ነው፣ እሱም ይሸከማል። የአባዱላው ከቆርቆሮ ነው የተሠራው፣ ዘይት ከመያዝ ውጭ ሥራ የለውም፣ ሞተሩም የጎማ ትራስ ላይ ተቀምጦ መኪናው እንዲሸከመው ነው የተሠራው እንጂ መኪናውን እንዲሸከም አይደለም። ታዲያ ማን ይሸከም? በያጁ ከግራና ከቀኝ የለጠፋት ብረት! አዘዞ አንድ ጋራዥ እንዲህ የተሠራ ማሲ ቆሞ አይቻለሁ፣ ግራው ብረት ብየዳው ጥግ ላይ ተሰንጥቆ እንደገና ተበይዶ፣ ከተበየደው አጠገብ ደግሞ ሌላ ስንጥቅ ጀምሯል፣ ፍሪሲዮኑ ወርዶ መሬት ላይ ነው፣ ዲስኩ ባንድ ጎኑ ብቻ ተበልቷል። ሞተሩና ካምቢዮው መስመር ሳይስቱ አይቀርም። ይሄን ይዘህ የደምቢያ ዋልካ (የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር) ውስጥ ግባ እስቲ።

ጋዙን የሚቆጣጠረውም ነገር አለ። ትራክተር ላይ ጋዙን በእጅህ ታስቀምጣለህ፣ መሬቱ ሲከብድ ጋቨርነሩ ራሱ ናፍጣ ጨምሮ ዙሩን ይጠብቃል፣ መኪና ላይ ያን የሚሠራው የሹፌሩ እግር ነው። ማቀዝቀዙም እንዲሁ፣ መኪና እየሮጠ ንፋስ ያገኛል፣ ማሲ ግን ቀኑን ሙሉ በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው፣ መተማ ሙቀት ውስጥ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ስንት ቀን ይቆያል?

የቶዮታ ዕቃ በየሱቁ አለ ይላሉ። እሺ፣ አለ። ግን ፐርኪንሱም ስላረጀ ብቻ አይጣልም፣ ላይነሩ ወጥቶ ሌላ ይገባለታል፣ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ብሮንዚን ይቀየርለታል፣ ክራንኩ ቶርኖ ቤት ይገባል፣ ፓምፑ ይስተካከላል፣ በቃ ያርሳል። ይሄን ሙያ የያዙ አንጋፋ መካኒኮች ከተማችን ውስጥ አሉ፣ መድረክ ላይ የጠራቸው ግን የለም፣ ለምን ቢባል የታደሰ ሞተር ፎቶ ላይ አያምርም!

ኃላፊው በየወረዳው ይስፋፋ ካሉ መጀመሪያ ያንኑ የሸለሙትን ማሲ ደምቢያ ወስደው ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ያስሩለትና ከጠዋት እስከ ማታ ያሳርሱት፣ እኛም ሄደን እንይ። ሰኔ ላይ ዝናብ ከገባ በኋላ ብየዳው ተበጥሶ ማሳ መሀል ለሚቀርበት ገበሬ ማን እንደሚከፍለውም አብረው ይንገሩን።