ስማችን የሚጠራው ለአቴንዳንስ ነበር

በግንቦት 2017 መጨረሻ የእህቴ ልጅ ሃይስኩል ጨረሰች። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ካለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ምረቃው ዲሲ ውስጥ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ስለነበር በሦስት መኪና ተጭነን ሄድን። ፓርኪንግ ፍለጋው ከመንገዱ በላይ ፈጀብን።

መድረክ መሪዋ "እባካችሁ ጭብጨባውን ለመጨረሻ አቆዩልን" ብላ ለመነች። ማን ሰምቷት! ከአራት መቶ በላይ ስም አንድ በአንድ ሲጠራ ከየማዕዘኑ ጡሩምባና ጩኸት ነው። ስም አንባቢዋ ትንሽ ቆም ብላ፣ ተንፍሳ የምትገባበት ስም ከመጣ የሐበሻ ልጅ ነው ማለት ነው፤ እኛም ልጁን ሳናውቀው እልል እንላለን። ማንም አልቀረም። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የገባውም፣ ከነገ ጀምሮ መጋዘን ሥራ የሚገባውም፣ ለጥቂት ያለፈውም እኩል ተጠራ።

እኔ ቁጭ ብዬ የማስበው ስለ አቴንዳንስ ነበር። ሃይስኩል ሳለሁ ስሜ ጮክ ተብሎ የተጠራው ለዚያ ብቻ ነው። "አቤት!" ብሎ ቁጭ።

የተማርኩት ደሴ ነው። 9ኛ ክፍል የገባነው በ1997፣ ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት በመጣበት ዓመት ነበር። ከሰባ በላይ ነበርን፤ በአንድ ዴስክ ሦስት። ቴሌቪዥኑ በብረት ሳጥን ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ የክፍል አለቃችን ሞኒተሩ ኪስ ውስጥ ነው። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ማንም ትንፍሽ ሳይል "ዌል ደን!" ብሎ ያልፋል። ሳንመልስ የምንመሰገንበት ብቸኛው ቦታ ነበር። መብራት ሲሄድ ትምህርቱም ይሄዳል፤ መብራቱ ሲመጣ እሱ ርቆ ሄዷል። የፊዚክስ መምህራችን በምትቀረው አስር ደቂቃ ጠመኔ አንስተው በአማርኛ ባያስረዱን ኖሮ እኔ ዛሬም ኒውተንን አላውቀውም።

ከምረቃው ስንመለስ ልጅቷን "ክፍልሽ ውስጥ ስንት ነበራችሁ?" አልኳት።

"የትኛው ክፍል?" አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እዚህ አስተማሪው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ ተማሪው ደወል በተደወለ ቁጥር ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይዞራል። ለሂሳብ ሌላ ልጆች፣ ለታሪክ ሌላ ልጆች። የእኛ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ መምህሩ ይዞራል፣ እኛ ዴስካችን ላይ ነን። ስለዚህ እኛ "የክፍል ልጅ" የምንለው ሰው እሷ የላትም። አብረዋት ከተመረቁት መካከል በደንብ የምታውቃቸው ስድስት ናቸው። ውድ ዋጋ የተከፈለበትን፣ ጥርት ብሎ የታተመውን ዓመት መጽሐፏን ገለጥኩት፤ ከፈረሙላት ግማሾቹ የጻፉት "መልካም ሰመር" ብቻ ነው። የእኛ ኦቶግራፍ በእጅ የተሰመረ ደብተር ነበር። የምትወደው ቀለም፣ የምትጠላው ሰው፣ ለእኔ ያለህ ምክር እያለ ይጠይቃል፤ ምክሩ ደግሞ ሙሉ ገጽ ነው፣ ከመካሪው የፈተና መልስ የሚረዝም።

(ሌላው የገረመኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግዴታ ነው። እሷ ለችግረኞች ምግብ ስታሽግ ሞላችው። እኛ ተረኛ ሆነን ክፍል የጠረግነውን፣ አርፍደን ግቢ የለቀምነውን ቆጣሪ ቢኖር ኖሮ ሦስት ጊዜ እንመረቅ ነበር።)

ምረቃ ግን አልነበረንም። በ2000፣ አገሩ ሚሊኒየም እያለ ሲጨፍር በከረመበት ዓመት፣ የመጨረሻውን የማትሪክ ወረቀት አስረክበን ወጣን፤ ዩኒፎርማችን ላይ ተፈራረምን፣ እናቶቻችን ጋ ስንደርስ በሸሚዙ ተቆጡን፣ አለቀ። ከዚያ ምደባ ወጣ፤ አንዱ ጅማ፣ አንዱ አርባ ምንጭ፣ አንዷ መቀሌ።

ክፍላችን የፈረሰው ግን ከዚያ በፊት፣ 10ኛ ክፍል ላይ ነው። የ1998 የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት እንደመጣ ብዙዎቹ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄዱ፤ "10+1 ገባች"፣ "10+2 ገባ" ይባል ነበር። ከዴስካችን ሦስት ልጆች አንዷ እንዲህ ሄደች። ማንም አልሸኛትም። መስከረም ላይ አልመጣችም፣ በቦታዋ ሌላ ልጅ ተቀመጠ።

ዛሬ አገር ቤት ጋዋን በሽ ነው። ባለፈው ስሄድ የአምስት ዓመት የኬጂ ተመራቂ ጥቁር ቆብ ደፍቶ አየሁ። የግል ትምህርት ቤቶች 12ኛ ክፍልንም በየአዳራሹ ይመርቃሉ፤ ከፈተናው በፊት ነው ታዲያ። አውቀው ያደረጉት ይመስለኛል። በ2014 ፈተና ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም። ውጤት ተጠብቆ ቢሆን አዳራሹ ባዶውን ነበር። ይሄን ሳስብ በኬጂው ጋዋን መሳቅ ትንሽ ይከብደኛል፤ ከዚያ በኋላ የማይለብሱት ብዙ ናቸው።

እኛም ብንሆን ከትምህርት ሚኒስቴር አንሻልም። "የ2000 ባች" የሚል የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ትዝታው ሁሉ የፕላዝማና የዩኒት ሊደሩ አለንጋ ነው፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ነገር። ያቺን የዴስኬን ልጅ እናስገባት ስል አንዱ "እሷ እኮ ከኛ ጋር አልጨረሰችም" ብሎ ጻፈ። ሌሎቹ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ማታ ቤት ድግሱ ሞቅ ሲል ልጅቷ መጥታ "አክስቴ፣ ያንቺን የምረቃ ፎቶ አሳዪኝ፤ የሃይስኩሉን" አለች። የለኝም። ያለኝ ለ10ኛ ክፍል አድሚሽን ካርድ የተነሳነው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ሦስታችን ፒያሳ አብረን ሄደን ተነስተን ተለዋውጠናል። ስልኬ ላይ ሦስቱ ጎን ለጎን ተደርድረው አሉ።

"ለምንድነው የማትስቁት?"

"ፎቶ አንሺው ከልክሎን ነው። ጆሮም መታየት አለበት።"

መሃለኛዋን በጣቷ አሰፋቻት። "ይቺስ አሁን የት ናት?"

"ጂዳ።"

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ፎቶውን ለግሩፑ አድሚን ላክሁለት፤ ስልክ ቁጥሯን ጨምሬ።