የሽንት ጨርቅ ወይስ ዳይፐር፦ ቁጠባው የማን ጉልበት ነው?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «መካከለኛ ገቢ ያለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ልጁን በሚታጠብ የሽንት ጨርቅና በጨርቅ መጥረጊያ ቢያሳድግ ገንዘብ ይቆጥባል» የሚል ነው። ደጋፊው የሂሳብ ሠራተኛና የአንዲት ሕፃን አባት ሲሆኑ፣ ተቃዋሚዋ በቢሮ ሥራ የሚተዳደሩ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ሁለቱም የጠቀሷቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ግምቶች ናቸው።

ደጋፊ፦

በሰፈራችን ሱቅ ዳይፐር በፍሬ ይሸጣል። ሙሉ እሽግ ለመግዛት አቅሙ ያልፈቀደለት ሰው ለማታ የሚሆን ሁለት ፍሬ ገዝቶ በፌስታል ይዞ ይሄዳል፤ በፍሬ ስለገዛም እሽግ ከሚገዛው ጎረቤቱ የበለጠ ይከፍላል። የአንዱ ዋጋ 20 ብር ነው ብንል፣ በቀን 6 ለምትቀይር ልጅ ወጪው 120 ብር፣ በወር 3,600 ብር፣ በሁለት ዓመት ደግሞ 86,400 ብር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለወጣ፣ ከውጭ የሚመጣ ወይም ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ሸቀጥ ሁሉ ምን እንደሆነ አንባቢ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

በአንጻሩ እኔ ፍላኔል ገዝቼ በሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዘንድ 24 የሽንት ጨርቅ አሰፍቻለሁ። አንዱን በ150 ብር ብናስበው 3,600 ብር፣ ከላይ የሚለበሱትን ውሃ የማያሳልፉ 6 ፓንቶች አንዱን በ500 ብር ብናስበው 3,000 ብር፣ በድምሩ 6,600 ብር ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የሳሙና ወጪ ነው። ጨርቁ ይራገፋል፣ ይዘፈዘፋል፣ ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ይሰጣል፤ በወር 400 ብር ሳሙና ቢፈጅ ከ3,600 ብሩ 3,200 ብር ይተርፋል። የመነሻ ወጪው ከሁለት ወር ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ይመለሳል፤ በሁለት ዓመት የሚተርፈው 70,200 ብር ነው። ሁለተኛ ልጅ ከተወለደ ደግሞ ጨርቁ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ይጠብቀዋል። የእርጥብ ማጽጃውን ሂሳብ እዚህ አላስገባሁም፤ ያረጀ ካናቴራ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ለብ ባለ ውሃ ከተነከረ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ተቃዋሚ፦

ወንድሜ ሂሳቡን አሳምረው ሠርተዋል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን አምስት ግሶች ደርድረው አንዱንም ባለቤት አልሰጡትም። «ይራገፋል፣ ይዘፈዘፋል፣ ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ይሰጣል» አሉ። ማን ነው የሚያራግፈው? ማን ነው ሳፋው ላይ የሚያጎነብሰው? በአማርኛ እንዲህ ባለቤቱ የማይጠራ የቤት ሥራ ሲገጥመኝ ባለቤቱ ሴት መሆኗን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አልጠብቅም።

የመጀመሪያ ልጄን በጨርቅ ነበር ያሳደግሁት፣ ስለዚህ በሩቅ ሆኜ አልናገርም። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በማይመጣበት ቀን ከታች በጀሪካን ይወጣል፣ ማለቴ የሚያወጣው ሰው ይከፈለዋል። ሁለት ቀን የተጠራቀመ ጨርቅ በሚገባ ለመዘፍዘፍ፣ ለማጠብና ሁለት ጊዜ ለማለቅለቅ ሦስት ጀሪካን ውሃ ይፈጃል። አንዱን ጀሪካን ከነማውጫው በ20 ብር ብናስበው፣ በወር ለ15 እጥበት 900 ብር ነው። አጣቢዋን ለአንድ እጥበት በ150 ብር ብናስባት 2,250 ብር። በእርስዎ 400 ብር ሳሙና ላይ ሲደመር 3,550 ብር ይሆናል፤ ከዳይፐሩ ወጪ የሚተርፈው 50 ብር ነው። ያቺን 50 ብር ለማግኘት ቤቴ ወር ሙሉ በረኪና በረኪና ሲሸት ይከርማል።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። ፈቃዱ ሲያልቅ ልጁ ገና በቀን ብዙ ጊዜ የሚቀየር ነው፤ እርሷ ግን ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም አለባት። እኔ ልጄን ያስገባሁበት የሕፃናት ማቆያ ጨርቅ አልቀበልም አለኝ፤ የቆሸሸውን እስከ ማታ የሚያስቀምጡበት ቦታ ስላልነበራቸው አልፈረድኩባቸውም።

ደጋፊ፦

እህቴ የግሶቼን ባለቤት ስለጠየቁኝ እመልሳለሁ። ቅዳሜና እሑድ የማጥበው እኔ ነኝ፤ በሌሎቹ ቀናት የምታጥበው በሳምንት ሦስት ቀን የምትመጣው ተመላላሽ ሠራተኛችን ናት። ልጃችን ከተወለደች በኋላ ደመወዟ ላይ የጨመርንላት ነገር የለም። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ ብዬ ሳበቃ ይህን ወጪ ሳላስገባ ማለፌ የሚያሳፍር ነው፤ የቁጠባው አንድ ክፍል ከእርሷ ኪስ የወጣ ነበር።

ሆኖም የእርስዎም ስሌት በሌላው ጫፍ የቆመ ይመስለኛል። በወሩ ውስጥ ያለውን እጥበት ሁሉ በጀሪካን ውሃ አስበውታል፤ በፈረቃም ቢሆን ቧንቧው የሚፈስበት ቀን አለ፣ ሮቶ ያለው ቤት ደግሞ ለዚያ ቀን ያጠራቅማል። አጣቢዋንም ለዚህ ብቻ ተጠርታ እንደምትመጣ ቆጥረዋታል፤ በሌላ እጥበት መካከል የሚገባ ሥራ ያንን ያህል አያወጣም።

ከዚህ በተጨማሪ ከኪሳችን ስለማይወጣ የማናየው ወጪ አለ። ዳይፐር ሽንቱን የሚይዘው በውስጡ ያለው ፈሳሽ መጣጭ ፖሊመር ወደ ዝልግልግ ነገር ስለሚለወጥ ነው፤ ያ ነገርም ሆነ ከላይ ያለው ላስቲክ በቀላሉ አይበሰብስም። ከበራችን በማዳበሪያ ተቋጥሮ ከወጣ በኋላ የሚሄድበትን እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የከተማችን ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ክምሩ የሌላ ሰው ቆሻሻ አልነበረም። አደጋውን ያደረሰው ዳይፐር ነው አላልኩም፤ ክምሩ የሚያድገው ግን እኛ በየቀኑ ከምናወጣው ነው።

ተቃዋሚ፦

የደመወዙን ነገር በግልጽ ማመንዎን አከብራለሁ። ቆሼን ማንሳትዎ ተገቢ ቢሆንም የቀረበልን ሐሳብ ስለ ገንዘብ መሆኑን አስታውሳለሁ። በአካባቢ ጉዳይም ቢሆን መልሱ እንደሚባለው አይቀልም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ አንድ ልጅ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ በዳይፐር የሚያስከትለው የካርቦን ልቀት 550 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በጨርቅ ደግሞ 570 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ጨርቁ በግልጽ የሚያሸንፈው ማሽኑ ሞልቶ ሲታጠብ፣ በገመድ ሲደርቅና ለሁለተኛ ልጅ ሲተርፍ ነው፤ ያኔ ልቀቱ በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እኛ በእጅ አጥበን በፀሐይ ስለምናደርቅ ከእነርሱ እንሻላለን ይሉኝ ይሆናል። በጥቅምት እስማማለሁ።

በሐምሌ ግን ይምጡና ቤቴን ይዩ። በረንዳው ላይ ያለው ገመድ ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ ጨርቅ ተሸክሞ ይውላል። ከውጭ ሳስገባው መኝታ ቤቱን በዲያጎናል ያቋረጠ ገመድ ላይ ይሰቀላል፣ ሌሊት ደግሞ በካውያ እተኩሰዋለሁ፤ መብራት ከሄደ እሱም ይቀራል። አንድ ሌሊት ጨርቁን ጉንጬ ላይ አድርጌ ስሞክረው የደረቀ መስሎኝ ለልጄ አሰርኩለት። ለካ ላዩ ሞቆ እንጂ መሐሉ እርጥብ ነበር፤ በማግስቱ ታፋው ሥር ቀልቶ ተልጦ አገኘሁት። ለመላጡ የተቀባው ቅባት በበኩሉ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ሽንት አልመጥም አሰኘው፣ እሱን ለማስለቀቅ እንደገና መቀቀል መጣ። ሁለተኛዋን በዳይፐር ያሳደግኋት በስንፍና አይደለም።

የመጥረጊያውን ነገር ግን ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ትንንሽ ቁራጭ ጨርቅ በክረምትም ቢሆን ቶሎ ይደርቃል፣ ለማጠብም አያደክምም፤ እናቶቻችን ደግሞ መጥረጊያም ሳይሹ በለብታ ውሃ በእጃቸው ነበር የሚያጥቡን። ያን የሽቶ ማጽጃ መግዛት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ደጋፊ፦

እንግዲያው ሂሳቤን አርሜ አቀርባለሁ። ቀን ቀን ጨርቅ፣ ለሌሊትና ከቤት ለመውጫ በቀን 2 ዳይፐር ብንል፣ ለዳይፐሩ በወር 1,200 ብር ይወጣል። ሳሙናው ወደ 300 ብር ይቀንሳል፣ ለውሃ 350 ብር፣ ለተመላላሿ ጭማሪ 1,000 ብር፤ ድምሩ 2,850 ብር ነው። ስለዚህ በወር 3,200 ብር ያልኩት ቁጠባ 750 ብር ሆኗል፤ የመነሻ ወጪውንም የሚመልሰው በሁለት ወር ሳይሆን ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ነው። ጭማሪውን ለሠራተኛችን ከዚህ ወር ጀምሮ እንከፍላለን፤ የእኔን የቅዳሜና የእሑድ ጉልበት ግን በነፃ ትቼዋለሁ።

ተቃዋሚ፦

750 ብሩን አምናለሁ፤ ያሰሉት ግን በደረቅ ወራት ነው። ሐምሌ ላይ ካውያው የሚፈጀውን መብራትና እርስዎ ሌሊት የሚቆሙበትን ሰዓት ጽፈው ይያዙልኝና ያኔ እንደገና እናሰላዋለን።