ይድረስ ለክቡር አቶ የመብራት መቆራረጥ

ጉዳዩ፦ ላደረጉልን ያልተቋረጠ ድጋፍ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ገላን ውስጥ ጀሪካንና ሳፋ የምናመርት መካከለኛ ድርጅት ነን። አድራሻችንን መጻፍ አላስፈለገንም፤ ከእርስዎ በላይ ደጃችንን የሚያውቅ የለም። ግብር ሰብሳቢው እንኳ የሚያስታውሰን በወሩ መጨረሻ ነው።

ምስጋናችን ከትዕግሥትዎ ይጀምራል። ማሽኑ በጠዋት ሲነሣ አይመጡም። ፕላስቲኩ እስኪቀልጥ፣ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ፣ እንከን የሌለው የመጀመሪያው ጀሪካን እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ከዚያ ድርግም! የቀለጠው ሁሉ በማሽኑ ሆድ ውስጥ እንዳለ ይረጋል። ተመልሰው ሲሄዱልን ደስ ብሎት ቁልፉን የሚጫን ሠራተኛ ፕላስቲኩን የሚገፋውን ስክሩ ይሰብረዋል፤ ስለዚህ እንደ አዲስ እናሞቃለን፣ ያረረውን ገፍተን እናወጣለን፣ ጥቁር መስመር ያለባቸውን ጀሪካኖች ለወፍጮ እንመልሳለን። ነጩ መውጣት ሲጀምር እርስዎም ይመጣሉ።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁሉን መውሰድ ይከብድዎትና ከሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች (ፌዞች) አንዱን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። አምፖሉ ይበራል፣ ሞተሩ ግን ያጉረመርማል። የዚህን ቸርነት ጣዕም የሚያውቀው ሞተር የተቃጠለበት ሰው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያኮራን ግን ለመካከለኛው ያለዎት ልዩ ፍቅር ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ ፋብሪካ በግዙፍ ጄኔሬተር ሥራውን ይቀጥላል። በራችን ላይ ቡና የምታፈላው እናት ከሰል አላት፤ እንዲያውም እርስዎ ሲመጡ ሥራ የፈቱት ሠራተኞቻችን ሁሉ ወደ እርሷ ስለሚሄዱ ገበያዋ ይደራል። እኛ ለሻማ በዝተናል፣ ለናፍጣ አንሰናል።

ጄኔሬተር ለመግዛት ብድር አልጠየቃችሁም ወይ እንዳይሉን፤ ጠይቀናል። የአነስተኛ ብድር ተቋሙ «እናንተማ ትልቅ ናችሁ» ብሎ ወደ ባንክ መራን፤ ባንኩ ትንሽ መሆናችንን በትሕትና አስረዳን። ማሽን በመያዣነት እንዲቀርብ የሚፈቅደውን አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ጠቅሰን ተከራከርን። የብድር ክፍል ኃላፊው በጥሞና ካዳመጡን በኋላ «ማሽኑ ጥሩ ነው፤ ቤት የላችሁም?» አሉን። ቤት ቢኖረን ኖሮ አከራይተነው እንቀመጥ ነበር እንጂ ጀሪካን ምን አስጀመረን? ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገድብ ደግሞ ወረፋው ጠበበ። ኋላ ወደ 18 ከፍ ቢልም ተራው እኛ ጋ አልደረሰም።

በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ አለፈ። የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ሥራ ማስኬጃ ገንዘባችን ሳይነካ ግማሹን ያህል ተበላ። በዚህ ጊዜ የእርስዎ ውለታ ታየን፦ ማሽኑ ስለቆመ ጥሬ ዕቃው አላለቀም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ከሁሉም ጋር አጨበጨብን። 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእርስዎ መሸኛ መስሎን ነበር። ለካ እርስዎ ከግድቡ ጋር ጠብ የለዎትም፤ ቤትዎ እዚሁ ሰፈር፣ ባረጀው ገመድና ከአቅሙ በላይ በተጫነው ትራንስፎርመር ላይ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ያሉ አባቶች ገላንን ቢያዩ ተረቱን ያድሱት ነበር። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተወስኗል፤ እርስዎ የሚቆዩበት ሰዓት ግን አይቆጠርብንም። ለዚህም እናመሰግናለን።

ይሁንና ትንሽ ልመና አለን። ሠራተኞቻችን ተቀምጠው የዋሉበት ቀን ደመወዝ ይከፈልበታል፤ በላዩም የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ። የባንክ ወለድም በጨለማ ይቆጠራል። ስለዚህ አይምጡ አንልም፤ ከዋዜማው ብቻ ያሳውቁን። ማሽኑን ሳናሞቅ እንጠብቅዎታለን። ካልሆነም ላዘገየነው ደንበኛ የሚሆን ማኅተም ያለው ማረጋገጫ ይጻፉልን፤ የእኛን ቃል ማመን ትቷል።

ከማይቋረጥ አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለብድር ክፍል ኃላፊው (ቤት አሁንም የለንም)
በራችን ላይ ቡና ለሚያፈሉት እናት (ለጄኔሬተሩ ብድር ዋስ እንዲሆኑን)