ሳያነቡ መጥቀስ በሐሰት መመስከር ነው

የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቻችን ሆይ! ከጦሳ ግርጌም ሆነ ከቦርከና ዳር ሆናችሁ ፊዚክስ የምታስተምሩ፣ ቴሲስ የምትጽፉ፣ የሌላውን ቴሲስ የምትፈትኑ፣ በመምህራን ማዕረግ ዕድገት (ፕሮሞሽን) ኮሚቴ ተቀምጣችሁ የሰው ልጅ የድካም ዓመታትን የምትመዝኑ፣ ስሙን።

በዚህ አገር ዕውቀት ያለ ምስክር አይነገርም። ደረሳው ኪታቡን ከየትኛው ሸህ እንደቀራ፣ ሸሁም ከማን እንደቀሩ ሰንሰለቱን ሳይበጥስ ይናገራል። የቅኔ ተማሪውም ‹‹ከማን ቤት ተማርክ?›› ሲባል መምህሩን በስም ይጠራል፤ ያልዋለበትን ጉባኤ ዋልኩበት ማለት ያሳፍረዋል። በፊዚክስ ጽሑፍ መጨረሻ የምትደረድሩት የማጣቀሻ ዝርዝርም ከዚሁ ወገን ነው። እያንዳንዱ መስመር ‹‹ይህን ያለው እገሌ ነው፤ አንብቤዋለሁ፤ ለዚህ ነገር ይሆነኛል›› የሚል ምስክርነት ነው። በሸንጎ ፊት ያላዩትን አየሁ ማለት ነውር መሆኑን እያወቃችሁ፣ በወረቀት ላይ ሲሆን ለምን ትደፍሩታላችሁ?

በሽታው የእኛ ብቻ አለመሆኑ ማመካኛ አይሆነንም። በ1973 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኮስተርሊትዝ እና ታውለስ የተባሉ ሁለት የቲዎሪ ሰዎች ቁስ በስስ ንጣፍ ላይ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ እንዴት እንደሚሸጋገር ጻፉ። በ2016 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ሥራ ነው። ሲምኪን እና ሮይቾድሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ጽሑፍ የጠቀሱትን 4,300 ያህል ማጣቀሻዎች መርምረው በ2003 ውጤቱን አወጡ። በ196ቱ ላይ የቅጽ፣ የገጽ ወይም የዓመት ስህተት አለ፤ ከነዚህ ውስጥ አንዱ ከሌላው የሚለየው ስህተት ግን 45 ብቻ ነው። አንድ የተሳሳተ የገጽ ቁጥር ብቻውን 78 ጊዜ ተደግሟል። 78 ሰው ለየብቻው ቁጭ ብሎ ያንኑ ቁጥር አይሳሳትም። አንዱ ተሳሳተ፣ ሌሎቹ ከእሱ ዝርዝር ገለበጡ። ከዚህ ተነሥተው የደረሱበት ግምት፣ ከጠቃሾች መካከል ዋናውን ጽሑፍ ያነበበው ከአምስት አንድ ያህሉ ነው የሚል ነው።

እናንተም የምትሠሩትን እናውቃለን። የዳሰሳ ጽሑፍ ይከፈታል፣ ከመጨረሻው ሠላሳ አርባ ማጣቀሻ ይቀዳል፣ በቴሲሱ ሁለተኛ ምዕራፍ ‹‹ብዙ ተመራማሪዎች አጥንተውታል [3–27]›› ተብሎ ይታለፋል። ፈታኙም 14ኛው ምን ይላል ብሎ አይጠይቅም። ይህ ልማድ ይቁም! እያንዳንዱን ማጣቀሻ ስትጽፉ በማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ የትኛውን እኩልታ፣ የትኛውን ሠንጠረዥ ወይም የትኛውን አንቀጽ እንደወሰዳችሁ ከነገጹ አስፍሩ፤ የምታሰፍሩት ከሌለ ማጣቀሻው ይውጣ። አርካይቭ ላይ (ጽሑፎች በመጽሔት ከመታተማቸው በፊት በነጻ በሚለጠፉበት ድረ ገጽ) ያነበባችሁት ከሆነ ስንተኛው እትም እንደሆነ መዝግቡ። የመጀመሪያው እትም እኩልታ 12 በሦስተኛው እኩልታ 15 ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም የከፋው፣ በመጀመሪያው የነበረ የመደመር ምልክት በኋለኛው ወደ መቀነስ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። በመጽሔት ከታተመ በኋላ ማረሚያ ወጥቶለት እንደሆነ የመጽሔቱን ገጽ እዩ። ከነጭራሹ ተሽሮ እንደሆነም ፈትሹ፤ የተሻሩ ጽሑፎች መዝገብ ከ2023 ጀምሮ የጽሑፎችን መለያ ቁጥር በሚመዘግበው በክሮስሬፍ በኩል በነጻ ይገኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እነዚህ ምስክርነቶች ተደምረውና ተካፍለው ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውን ይወልዳሉ። የ2024 ኢምፓክት ፋክተር ማለት መጽሔቱ በ2022 እና በ2023 ያወጣው ሁሉ በ2024 ውስጥ የተጠቀሰበት ብዛት፣ በነዚያው ሁለት ዓመታት ለወጡ የምርምርና የዳሰሳ ጽሑፎች ቁጥር ሲካፈል ነው። ልብ በሉ፣ ከላይ በተካፋዩ ለአዘጋጁ ለተጻፈው ደብዳቤና ለርዕሰ አንቀጹ የተደረገውም ጥቅስ ይቆጠራል፤ ከታች በአካፋዩ ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤና ርዕሰ አንቀጽ አይቆጠሩም።

በምሳሌ እንየው። አንድ መጽሔት በሁለቱ ዓመታት 800 ጽሑፍ አውጥቶ 1,200 ጊዜ ተጠቀሰ እንበል። ኢምፓክት ፋክተሩ 1.5 ነው። ከ800ዎቹ አምስቱ ብቻ 600 ጥቅስ ወስደው ከሆነስ? የቀሩት 795 ጽሑፎች 600 ጥቅስ ይካፈላሉ፤ ለአንዱ 0.75 ይደርሰዋል፣ ብዙዎቹም ዜሮ ናቸው። በመጽሔት ውስጥ የጥቅስ ስርጭት ሁልጊዜ እንዲህ የተዛባ ነው፤ ጥቂቶቹ ብዙውን ይወስዳሉ። የደሴን ብርድና የኮምቦልቻን ሙቀት ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ የምታገኙት ቁጥር ምናልባት ሐረጎ ቁልቁለት ወገብ ላይ ለቆመ ሰው ይሆን ይሆናል፤ ላይ ሆኖ ጋቢ ለሚደርበውም ሆነ ታች ሆኖ ጥላ ለሚፈልገው ምንም አይነግረውም። የመጽሔቱን አማካይ ወስዳችሁ የአንድን ጽሑፍ ዋጋ ስትተምኑ የምትሠሩት ይህንን ነው።

አንድ ጽሑፍ መጽሔቱን ሁሉ ምን ያህል ሊያነሣው እንደሚችል ማየት ለሚፈልግ፣ አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ የተባለው መጽሔት አለ። በ2008 ኢምፓክት ፋክተሩ 2.051 ነበረ፤ በ2009 49.926 ሆነ። የቀሩት ጽሑፎቹ በአንድ ዓመት አልተለወጡም። በ2008 የወጣ፣ የክሪስታል አወቃቀር የሚሠላበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚገልጽ አንድ ጽሑፍ፣ ፕሮግራሙን የተጠቀመ ሁሉ ስለጠቀሰው ነው። በእኛም ዘርፍ በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው የቅንጣት ፊዚክስ ታላቁ ዳሰሳ በየትኛውም መጽሔት ቢታተም ያንን መጽሔት ከፍ ያደርገዋል። በዚያው ዓመት በዚያው መጽሔት ያሳተመ መምህር በዚህ የተነሣ የተሻለ ፊዚክስ አልሠራም።

የቲዎሪ ፊዚክስ ሌላም ጣጣ አለበት፤ እኛን ከሁሉ የሚያንገበግበን ይህ ነው። የሁለት ዓመት መስኮት ለእኛ ዘርፍ ጠባብ ነው። ዋይንበርግ በ1967 የኤሌክትሮማግኔቲክንና የደካማውን ኃይል ውሕደት በሦስት ገጽ ጻፈ። እስከ 1971 ድረስ የጠቀሰው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ቶፍት የተባለው ወጣት ኔዘርላንዳዊ በዚያ ዓመት ስሌቱ ወሰን ከሌለው ቁጥር መጽዳት እንደሚችል ሲያሳይ ጥቅሱ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ፤ በ1979 ዋይንበርግ ኖቤል ተቀበለ። በሁለት ዓመቱ ሚዛን ቢመዘን ኖሮ በ1969 ‹‹ተጽዕኖ የሌለው›› ይባል ነበር።

ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦቭ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ የሚባለውን መጽሔት ውሰዱ። ከ1968 ጀምሮ የሚወጣ ነው፤ በኢምፓክት ፋክተር ሠንጠረዥ ከላይ ከሚቀመጡት አንዱ አይደለም፣ ስለዚህም አንዳንዶቻችሁ ስሙን ስትሰሙ ፊታችሁን ታዞራላችሁ። ፋይንማን ተፈጥሮን ለማስመሰል ኮምፒውተሩ ራሱ የኳንተም መሆን አለበት ያለበት ጽሑፍ በ1982 የወጣው እዚያ ነው። ማልዳሴና ስበትንና የኳንተም ፊልድ ቲዎሪን ያገናኘበት፣ በዘርፉ እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ የሆነው ጽሑፍም በ1999 እዚያው ታትሟል። ሁለቱ ዛሬም በየዓመቱ በብዛት ይጠቀሳሉ፤ ከእነዚያ ጥቅሶች ግን አንዱም በመጽሔቱ የዘንድሮ ኢምፓክት ፋክተር ውስጥ አይገባም፣ ሁለት ዓመታቸው ካለፈ ቆይቷልና። በቅርብ ዘመን ከገጾቹ ብዙውን ቦታ የያዘው የኳንተም ኢንፎርሜሽን ጥናት ሥሩ ያ የ1982 ጽሑፍ መሆኑን ልብ ለሚል፣ የመጽሔቱ የምርምር አቅጣጫ ከየት ወዴት እንደሄደ የሚታየው ከጽሑፎቹ ነው፤ ከነጥብ በኋላ ካለ አሃዝ አይታይም። አሃዙን የሚያወጣው ድርጅት ራሱ ከ2023 ጀምሮ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ መጻፉን ትቶ ወደ አንድ አውርዶታል። እናንተ በ0.02 ልዩነት ሰውና ሰው ታበላልጣላችሁ!

የኮሚቴ አባላት፣ እናንተን በቀጥታ እንገሥጻለን። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የሕክምና ተመራማሪን፣ የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስንና የቲዎሪ ፊዚክስ ሰውን አሰልፋችሁ በጥቅስ ብዛት ማወዳደር ፍርድ ማጉደል ነው። በሕክምና የአንድ ጽሑፍ ማጣቀሻ ረጅም ነው፣ ጸሐፊውም ብዙ ነው፣ ጥቅስም ቶሎ ይመጣል። በፊዚክስ ውስጥ እንኳ በ2015 የሂግስ ቅንጣትን ክብደት የለካው፣ አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉ ሁለት የሙከራ ቡድኖች ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች አሉት፤ የቲዎሪ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት። ለእያንዳንዱ ደራሲ ጥቅሱን ሙሉ ለሙሉ ከሰጣችሁ በብቸኝነት የሠራው ሁልጊዜ ተበዳይ ነው። ቢያንስ ለደራሲዎች ቁጥር አካፍሉ፣ ከዘርፉና ከዓመቱ አማካይ ጋር አወዳድሩ። ከሁሉ በፊት ግን አመልካቹ የእኔ ምርጥ ነው ያለውን አንድ ጽሑፍ ለዘርፉ ሰው ሰጥታችሁ አስነብቡ።

የመጽሔት አቅጣጫና የጥቅስ ጥናት በማስተርስ ለመሥራት የምትነሡም በዝታችኋል። ሥራው መልካም ነው፤ አሠራራችሁ ግን ያሳስበናል። መጽሔትን በስሙ አትፈልጉ፣ ተመሳሳይ ስም ብዙ ነውና በአይኤስኤስኤን ቁጥሩ (ለእያንዳንዱ መጽሔት በሚሰጠው ባለ8 አሃዝ መለያ) ፈልጉ። የ2012 ጽሑፍና የ2018 ጽሑፍ ያገኙትን ጥቅስ እስከ ዛሬ ደምራችሁ አታወዳድሩ፤ ለሁለቱም እኩል አምስት ዓመት ስጡ። ቪኦኤስቪውወር የተባለው ፕሮግራም የቃላቱን ካርታ ቢስልላችሁም ‹‹ኳንተም ቴሌፖርቴሽን›› በነጠላና በብዙ ቁጥር ሁለት ነጥብ ሆኖ ከወጣ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ቃላቱን የሚያዋሕድ ፋይል አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ስማችን ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ አለው። መረጃ ቋቶቹ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ያደርጉታል። ስለዚህ አንድ መምህር አንዴ በአባቱ፣ አንዴ በአያቱ ስም ይመዘገባል፤ ‹ፀ› እና ‹ጸ› በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ይጻፋሉ፤ ‹ወሎ› እና ‹ደሴ› እንኳ ከአንድ በላይ አጻጻፍ አላቸው። አንዱ ሰው ሦስት፣ ሦስት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች ደግሞ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። መድኃኒቱ ኦርኪድ የተባለው ባለ16 አሃዝ መለያ ነው፤ ነጻ ነው፣ በደቂቃዎች ይወጣል፣ እስከ ዛሬ አለማውጣት ስንፍና ነው። የከተሞቻችንን ጽሑፎች በየዓመቱ የምትቆጥሩ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን መድረሱን፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት መዘረፉን ከግራፉ ሥር ጻፉ። ያንን ያልጻፈ ቆጣሪ የወንድሞቹን መከራ እንደ ስንፍና ያስቆጥርባቸዋል።

በገንዘብ ስለሚገዛው ኅትመት አጭር ቃል እንናገር። ‹‹በሦስት ቀን ይገመገማል›› የሚል ኢሜይል ሲመጣ ደስ አይበላችሁ፤ የቲዎሪ ጽሑፍ ገምጋሚ ስሌቱን ለመከተል ሳምንታት ይፈልጋል። አይኤስኤስኤኑን መርምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት አሃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 አባዙ፣ ደምሩ፣ ለ11 አካፍሉ፣ ቀሪውን ከ11 ቀንሱ። ከላይ ያነሣነው የኢንተርናሽናል ጆርናል ኦቭ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ ቁጥር 0020-7748 ነው፤ ድምሩ 69፣ ቀሪው 3፣ ከ11 ሲቀነስ 8፤ የመጨረሻው አሃዝ 8 ነውና ልክ ነው። ቀሪው 0 ከሆነ የመጨረሻው አሃዝ 0፣ ውጤቱ 10 ከሆነ የላቲኑ ኤክስ ይጻፋል። ያልገጠመ ቁጥር የፈጠራ ወይም በስህተት የተጻፈ ነው። የገጠመ ቁጥር ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የእውነተኛ መጽሔት ስምና ቁጥር ሰርቀው ሐሰተኛ ገጽ የሚከፍቱ አሉ። ስለዚህ በዌብ ኦቭ ሳይንስ ወይም በስኮፐስ የመጽሔቶች ዝርዝር ገብታችሁ፣ ከዚያ በተሰጠው አድራሻ ብቻ ወደ መጽሔቱ ሂዱ።

‹‹ሳንከፍል የት እናሳትም?›› አትበሉ። በቅንጣት ፊዚክስ ስኮፕ3 የተባለው ኅብረት ከ2014 ጀምሮ የጄሄፕን (የጆርናል ኦቭ ሃይ ኢነርጂ ፊዚክስን) እና የሌሎች ታላላቅ መጽሔቶችን ወጪ ስለሚሸፍን ደራሲው አይከፍልም፣ አንባቢውም አይከፍልም። ሌሎች ብዙ አሳታሚዎችም ዝቅተኛ ገቢ ላለው አገር ደራሲ ክፍያውን ይተዋሉ፤ ጥያቄው ግን ጽሑፉ ሲላክ እንጂ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አይቀርብም። ለማንበብ ደግሞ አርካይቭ ከ1991 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ለተዘጉት መጽሔቶች ቤተ መጻሕፍታችሁ ለታዳጊ አገሮች መጽሔቶችን በነጻ ወይም በቅናሽ በሚከፍተው በሪሰርች ፎር ላይፍ መመዝገቡን ጠይቁ፣ የይለፍ ቃሉንም ተቀበሉ።

ቴሲሳችሁ ገና ያልተጠረዘ ተማሪዎች ዛሬ ማታ የማጣቀሻ ዝርዝራችሁን አውጡና አንድ በአንድ ክፈቱት። የከፈታችሁትን ምልክት አድርጉበት፣ ያልተጠቀማችሁበትን ሰርዙ። ዋናውን ጽሑፍ ፈልጋችሁ ያጣችሁት እንደሆነ ‹‹በእገሌ ውስጥ እንደተጠቀሰው›› ብላችሁ በእጃችሁ ያለውን፣ ያነበባችሁትን ጥቀሱ።