ፓስፊክ ውቅያኖስ በጋራዥ ውስጥ

አገር ቤት መዝናናት ማለት በአብዛኛው ከቤት መውጣት ነው። ማኪያቶውም፣ ድራፍቱም፣ ጠጁም ደጅ ነው፤ ወዳጅ የሚገኘውም እዚያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ሰው መዝናኛውን እቤቱ ይገነባል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉኝ። ጋራዣቸው መኪና አያስገባም። ግድግዳው ቀርከሃ ነው፣ ኮርኒሱ በሣር ተሸፍኗል፣ አምፖሉ የበራው በደረቀ ዓሣ ሆድ ውስጥ ነው። መደርደሪያው ላይ ፊት የተቀረጸባቸው የሸክላ ኩባያዎች ተደርድረዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያፈቅሩት የኖሩት ነገር ነው። ቲኪ ይባላል።

ቲኪ ባርና ቤትን የፓስፊክ ደሴት የማስመሰል ፋሽን ነው። ስሙን ከደሴቶቹ ይውሰድ እንጂ የተወለደው እዚሁ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ውስጥ አልኮል መሸጥን የከለከለው ሕግ ሲነሳ ኧርነስት ጋንት የሚባል ሰው ሆሊውድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ባር ከፈተ። ሩም የሚባለውን መጠጥ ከሎሚና ከቅመም ጋር እየቀመመ፣ ቤቱን የደቡብ ባሕር ደሴት አስመሰለው። ቀጥሎ ኦክላንድ ላይ ቪክተር በርገሮን የሚባል ሰው ተመሳሳይ ቤት ይዞ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፓስፊክ ላይ የዘመቱ ወታደሮች ተመለሱ፤ በ1959 ደግሞ ሃዋይ 50ኛዋ ግዛት ሆነች። ያኔ ፋሽኑ ከባር ወጥቶ ምድር ቤትና ጓሮ ገባ።

የጎረቤቴን ትጋት ከልቤ አደንቃለሁ። ቀርከሃውን የቆረጡት፣ በእሳት የለበለቡት፣ ያሰሩት በገዛ እጃቸው ነው። እንግዳ ሲመጣ ስለ እያንዳንዱ ኩባያ ታሪክ ያወራሉ። አንድን ነገር ዕድሜ ልክ እንዲህ መውደድ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ኩባያዎቹ ላይ ያሉት ፊቶች ባለቤት አላቸው። ለኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ለማኦሪዎችና ፖሊኔዥያ በሚባሉት የፓስፊክ ደሴቶች ለሚኖሩ ሌሎች ሕዝቦች የተቀረጸው ምስል የአባት፣ የቅድመ አያት፣ የአምላክ መልክ ነው። አንዳንዶቹ ቅር እንደሚላቸው በግልጽ ተናግረዋል። የላሊበላን መስቀል ቅርጽ የአረቄ መጠጫ ቢያደርጉብን ምን ይሰማን ነበር?

መጠጡን የቀመሙትም ቢሆኑ ከባንኮኒው ጀርባ ተረስተው ኖረዋል። ብዙዎቹ ፊሊፒናውያን ነበሩ። አሠሪያቸው ጋንት ቅመሙ እንዳይታወቅበት ጠርሙሶቹ ላይ ምስጢራዊ ምልክት ይጽፍ ነበር፤ እነሱ በምልክቱ እየቀዱ አሠሪውን ስመ ጥር አደረጉት። ከእነዚህ አንዱ ሬይ ቡሄን በ1961 ሰንሴት ጎዳና ላይ ቲኪ-ቲ የምትባል የራሱን ጠባብ ባር ከፈተ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይሠራባታል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ ራሳችን አሰብኩ። ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሊትል ኢትዮጵያ የተባለው፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ያለው የፌርፋክስ ሰፈር ብትሄዱ ምግብ ቤቱ ሁሉ በመሶብና በጀበና ያጌጠ ነው። እኛም አፓርታማችን ጥግ ላይ ረከቦት አስቀምጠን አገራችንን እንሠራለን። ጀበናውን እንዲህ ስንወድ፣ ሸክላ ሠሪዋን ግን ለዘመናት "ቡዳ" እያልን ሸሽተናል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ውስጥ በሸክላ ሥራቸው የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶች ሙያውን የያዙት ከዚህ ስድብ ጋር ነበር። ብዙዎቹ ዛሬ እስራኤል ናቸው። ገበያ ወርዶ ጀበና የሚገዛው ሰው ስማቸውን አይጠይቅም ነበር። አሁንም ቢሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

ጎረቤቴ በቅርቡ እዚሁ አቅራቢያ ካርሰን ከተማ ከሚኖር፣ ከፓስፊክ ደሴቶች አንዷ የሆነችው የሳሞአ ተወላጅ ከሆነ ቀራጭ አንድ ትልቅ ምስል አሠርተዋል። ዋጋውን ሳይከራከሩ ነው የከፈሉት። ከሥሩ የሰውየውን ስምና የመጣበትን መንደር ጽፈውበታል፤ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። ፌርፋክስ ያላችሁ ባለ ምግብ ቤቶች፣ መደርደሪያችሁ ላይ ካለው ጀበና አጠገብ የሠራችውን ሴት ስምና ቀበሌዋን ብትጽፉልን ምን ይመስላችኋል? ክረምት አገር ቤት የምትሄዱ አላችሁ፤ ጠይቃችሁ ኑ።