«ሰው በዛ» ብሎ ማለፍ አያዋጣም

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ የመሬት ነገር ሲነሳ አንድ መልስ ቀድሞ ይመጣል፤ «ሰው በዛ።» ሥራ ሲጠፋም፣ የቤት ኪራይ ሲንርም እንዲሁ ነው። አባባሉ ሐሰት የለበትም፤ ግን ወሬውን እዚያው ላይ ይዘጋዋል። ሰው የት እንደሰፈረ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነና ወዴት እየሄደ እንዳለ ሳይጠየቅ ቀበሌም ሆነ ከተማ በቅጡ ማስተዳደር አይቻልም።

ከጥግግት ልጀምር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1,837,490 ነበር። ይህ ለ15,936 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲካፈል በካሬ ኪሎ ሜትር 115 ሰው ገደማ ይሆናል። ወረቀት ላይ ሲታይ ብዙም አያስደነግጥም። ችግሩ ሰሜን ሸዋ ወረቀት ላይ እንዳለው ሜዳ አለመሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ ጣርማ በርን አልፈው፣ ደብረ ሲናን ወርደው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ግን 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በምዕራብ በኩል ደግሞ የጀማ ሸለቆ አለ። መርሐቤቴን የሚያውቅ ሰው ገደል ምን ያህል መሬት እንደሚበላ አይጠፋውም።

ስለዚህ ገደሉን፣ ውርጭ የሚመታውን ጫፍና ድንጋያማውን ተረተር ቀንሰን ማስላት አለብን። ሞፈር የሚገባበት መሬት ስንት ሰው ይቀልባል? የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ይህን በእርሻ መሬት ላይ የተሰላ ጥግግት ይሉታል። በዚህ መለኪያ የመንዝ ቀበሌ ከአማካዩ እጅግ የተጨናነቀ ሆኖ ይገኛል። የጅሩ ጥቁር አፈርና የመንዝ ስስ አፈር አንድ ሄክታር እኩል ሰው አያበላም። የማዳበሪያው ኮታም፣ የመስኖው ዕቅድም፣ የሴፍቲኔቱ ድልድልም ይህን ልዩነት ማየት አለበት። 115 የሚለው ቁጥር ግን አያሳየውም።

ቀጥሎ «ቤተሰቡ ልክ የለውም፣ ዝም ብሎ ይወልዳል» የሚለው ወቀሳ ይመጣል። ይህ ከሐቁ ጋር አይሄድም። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 5.9 ልጆች ትወልድ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 3.7 ወርዷል። በ16 ዓመት ውስጥ ከሁለት ልጅ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል የወሊድ መቆጣጠሪያ ገጠር ገባ። ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ቆዩ። የሚወለዱት ልጆችም በሕይወት ማደግ ጀመሩ። በአገር ደረጃ ከ1,000 ሕፃናት አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ የሚሞቱት በእነዚሁ ሁለት ጥናቶች መካከል ከ166 ወደ 67 ወርደዋል። የወለደችው እንደሚያድግላት ስታውቅ እናት የምትወልደውን ትመጥናለች። የገጠር እናቶች ይህን ያህል ተለውጠው ሳለ ዛሬም እነሱን መውቀስ ነውር ይመስለኛል።

ታዲያ ወሊድ ከቀነሰ ጭንቁ ለምን አልቀነሰም? ትናንት የተወለዱት ዛሬ አድገዋላ። በ1999 ቆጠራ 45 በመቶው የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ15 ዓመት በታች ነበር። እነዚያ ልጆች አሁን ትዳር የሚመሠርቱ፣ ሥራ የሚፈልጉ፣ ቤት የሚከራዩ ወጣቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ጥቂት ልጅ ቢወልዱ እንኳ ወላጆቹ ብዙ ስለሆኑ ሕዝቡ ለብዙ ዓመት ማደጉን አያቆምም። በክልሉ የመጨረሻው ትልቅ የመሬት ክፍፍል የተካሄደው ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ወጣት መሬት የሚያገኘው ከቤተሰቡ ተቆርሶለት፣ ተከራይቶ ወይም የእኩል አርሶ ነው። አባቱ የሚቆርስለት ከሌለው መሄድ ነው ያለበት።

አካሄዱም ዝም ብሎ አይደለም። ራቨንስታይን የተባለ ምሁር በ1885 እ.ኤ.አ. እንዳስተዋለው አብዛኛው ፈላሽ ሩቅ አይሄድም፤ የሚሄደውም በደረጃ ነው። ከሞላሌ ገጠር መሐል ሜዳ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ደብረ ብርሃን በ1987 ቆጠራ 38,717 ነዋሪ ነበራት፤ በ1999 ደግሞ 65,231። በዓመት 4 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ከተማ በ17 ዓመት ግድም እጥፍ ይሆናል። ይህም ዩኒቨርሲቲው ሳይደራጅ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሳይከፈት በፊት የነበረው ፍጥነት ነው። ከወለጋና ከሌላም ቦታ ተፈናቅለው በከተማዋ መጠለያዎች የተቀመጡ ወገኖቻችንም በዚያ ስሌት የሉበትም። እነሱ ወደው አልመጡም። ውሃ ግን ይጠጣሉ፤ ልጆቻቸውም ይማራሉ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ሊካሄድ ታቅዶ ተራዘመ፤ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። በ1999ኙ እንኳ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ ፓርላማ ድረስ የደረሰ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። እኛ አሁንም የምናባዛው ያንኑ ቁጥር ነው። መነሻው ካጠራጠረ የመድኃኒቱም፣ የመምህሩም፣ የበጀቱም ስሌት አብሮ ይዛባል።

አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ቆጣሪን በየቤቱ ማዳረስ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። እስከዚያው ግን ወረዳዎች እጃቸው ላይ ያለውን ይጠቀሙበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤተሰቡን ማኅደር ይይዛሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በየቀበሌው ልደትና ሞት እየመዘገበ ነው። ጉድለት ቢኖርባቸውም የዛሬ ሰው ያለባቸው መዝገቦች ናቸው። የወረዳው ጤና፣ ትምህርትና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በዓመት አንዴ እንኳ አብረው ተቀምጠው ያመሳክሯቸው። የቀጣዩ ዓመት በጀት ሲጠየቅም ከየቀበሌው ስንት ወጣት መሬት አልባ እንደሆነና ስንቱ ወጥቶ እንደሄደ አብሮ ይጻፍ።